የሕፃናት ምክር በትምህርት ኮምፒዩተር ታሪክ

ለሕፃናት ተብሎ የሚሠራ ዕቃ ሁሉ፣ ከፊደል ገበታው አንሥቶ እስከ ትምህርት ቤቱ ወንበር ድረስ፣ ሕፃናቱ አንዲት ቃል ሳይጠየቁ በአዋቂዎች አሳብ ታስቦ በአዋቂዎች ፈቃድ ሲሠራ መኖሩ ከጥንት የመጣ ልማድ ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተር የተባለው መሣሪያ በትምህርት ቤት ደጃፍ ብቅ ባለ ጊዜም ይኸው ልማድ ሳይለወጥ ቢከተለው የሚያስገርም አልነበረም። የሚያስገርመውስ፣ መሣሪያው ገና ከምርምር ቤትና ከትልልቅ መሥሪያ ቤት ሳይወጣ ጥቂት ሊቃውንት ይህን ልማድ ለመሻር መነሣታቸውና፣ ከዚያም ወዲህ በሠላሳና በአርባ ዓመት ውስጥ ሕፃኑ ከተቀባይነት ወደ ፈታኝነት፣ ከፈታኝነትም ወደ አማካሪነት አልፎ፣ በመጨረሻ ከመሐንዲሱ ጋር በአንድ ወለል ላይ ተቀምጦ የሚማርበትን ዕቃ አብሮ ወደ መንደፍ መድረሱ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የአሜሪካና የሰሜን አውሮፓ ታሪክ ነውና በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በ1960 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር ፕላቶ የተባለውን የማስተማሪያ ኮምፒዩተር ሥራ ሲጀምር፣ ጥቂት ቆይቶም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፓትሪክ ሰፕስ የተባለው ፈላስፋ ለታናናሽ ተማሪዎች የሒሳብ ልምምድ በኮምፒዩተር ሲያዘጋጅ፣ የሕፃኑ ድርሻ መልስ መስጠት ነበር፤ መሣሪያው ይጠይቃል፣ ሕፃኑ ይመልሳል፣ መልሱ የቀና እንደ ሆነ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ የሳተም እንደ ሆነ እንደገና ይሞክራል። ሰፕስ በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የመቄዶንያው ንጉሥ የፊልጶስ ልጅ እስክንድር አርስጣጣሊስን የመሰለ መምህር ለብቻው ማግኘቱን አስታውሶ፣ ያ የንጉሥ ልጅ ዕድል በኮምፒዩተር አማካይነት ለብዙ ሚሊዮን ሕፃናት የሚዳረስበት ዘመን ቅርብ መሆኑን ተስፋ አድርጎ ነበር። ተስፋው የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ እስክንድር መምህሩን መልሶ መጠየቅ ይችል ነበር፤ በስታንፎርዱ ልምምድ ግን የመጠየቅ ሥልጣን ያለው መሣሪያው ብቻ ነበር።

ይህን ሥርዓት አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚጠራው ሲሞር ፓፐርት ነው። በ1928 በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ የተወለደው ይህ የሒሳብ ሊቅ ከ1958 እስከ 1963 ድረስ በጄኔቫ ከዣን ፒያዤ ጋር ሲሠራ ቆይቶ፣ ሕፃን ዕውቀትን ከውጭ እንደ ተቀዳ ውሃ የሚቀበል ሳይሆን ራሱ እየሞከረና እየገነባ የሚያገኝ መሆኑን ከዚያ መምህር ተምሮ፣ ይህንኑ ትምህርት ይዞ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መጣ። በ1967 ከዋሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር ሆኖ፣ በካምብሪጅ ከተማ በሚገኘው በቦልት ቤራኔክና ኒውማን ኩባንያ ውስጥ፣ ሎጎ የተባለውን ለሕፃናት የታሰበ የፕሮግራም ቋንቋ አወጡ። የአሳባቸው መሠረት ኮምፒዩተሩ ሕፃኑን ማዘዙ ቀርቶ ሕፃኑ ኮምፒዩተሩን ይዘዘው የሚል ነበር።

ሎጎ በመጀመሪያው ዘመኑ ሥዕል የሚባል አልነበረውም፤ ልጆቹ የሚሠሩት በቃላትና በዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ዘፈቀዳዊ ዓረፍተ ነገር እንዲመሠርት ወይም ቃል ገልብጦ እንዲጫወት ያደርጉት ነበር። በ1968 እና በ1969 በሌክሲንግተን ከተማ በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፓፐርትና ሰለሞን ዓመቱን ሙሉ ሎጎን አስተማሩ። ፓፐርት ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ጻፈው፣ በዚያ ዘመን አንድ መለስተኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ወደ ሥዕል ክፍሉ አልፎ አልፎ እየገባ ተማሪዎቹ ከሳሙና ቅርጽ ሲያወጡ ይመለከት ነበር። ሥራው የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም፤ ለብዙ ሳምንታት ይቆያል፣ ልጁ የጀመረውን ትቶ ሌላ ለማሰብ፣ የጓደኛውን ሥራ አይቶ የራሱን ለማሻሻል፣ ዝም ብሎም አሻግሮ ለማየት ጊዜ አለው። የሒሳቡ ክፍል ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረውም፤ ችግሩ ተሰጥቶ ወዲያው ይፈታል ወይም ይጣላል። ሒሳብን እንደ ሳሙና ቅርጽ ማድረግ ይቻል ዘንድ ነው እንግዲህ የሰውዬው የዕድሜ ልክ ድካም።

ከዚህ የተነሣ፣ በሰባዎቹ ዓመታት መግቢያ ላይ፣ በወለል ላይ የምትሽከረከርና በሆዷ በተተከለ ብዕር በወረቀት ላይ መስመር የምታሰምር ኤሊ ተሠራች፤ ስሟም ግሬይ ዋልተር የተባለው ሊቅ በአርባዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከሠራቸው ተንቀሳቃሽ ኤሊዎች የተወረሰ ነው። ሕፃኑ ወደ ፊት መቶ ርምጃ፣ ወደ ቀኝ ዘጠና ዲግሪ እያለ ያዝዛታል፤ ትእዛዙ ሲጠፋበትም ራሱ ተነሥቶ እንደ ኤሊዋ በወለሉ ላይ እየተራመደ ካሬውን በእግሩ ያገኘዋል። ገና ማንበብ ላልጀመሩት፣ ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ላሉትም፣ ራዲያ ፐርልማን የተባለች ወጣት የተቋሙ ተማሪ ቁልፍ ያለው ሣጥን ሠርታ፣ ቀጥሎም የፕላስቲክ ካርድ በተርታ እየተሰካ ትእዛዝ የሚሆንበትን መሣሪያ አበጀችላቸው። ይህች ሴት በኋላ እንደ ተናገረችው፣ በዚያ ቤት ካሉት ጥቂት ሴቶች አንዷ እንደ መሆኗ ከሕፃናት ጋር ስትሠራ ቢያዩአት ሳይንቲስት ነች ብሎ የሚቀበላት እንዳይጠፋ ሠግታ ሥራውን ተወችው፤ በ1985 የኮምፒዩተር መረብ በራሱ ላይ እየዞረ እንዳይታነቅ የሚያደርገውን ሕግ ያወጣችውም እርሷ ናት። ለሕፃናት መድከም የሊቅነትን ማዕርግ ያሳንሳል የሚለው አሳብ በዚያ ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ ከበረታ፣ በሌላው ስፍራ ምን ያህል እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

እዚህ ላይ ከራሳችን ቤት አንድ ነገር ላንሣ። የቅኔ ቤት ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየ፣ በሚ በዝኁ፣ በዋዜማ እያለ ወደ መወድስ ሲወጣ፣ የቀደሙትን ቅኔ ሲያጠና ብቻ አይኖርም፤ የራሱን ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርምለታል እንጂ በእርሱ ፈንታ አይቈጥርለትም። ስለዚህ ተማሪውን ሠሪ ማድረግ ለእኛ ባዕድ ትምህርት አይደለም። ነገር ግን የቅኔው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን ወይስ እንዲያ ብሎ ገና ጉባኤ ቃና የሚቈጥረውን ልጅ የሚጠይቅ ጉባኤ የለም፤ ሥርዓቱ ከአበው የመጣ ነውና። የሎጎም ነገር ከዚህ እምብዛም አልራቀም፤ ሕፃናቱ በቋንቋው ብዙ ነገር ሠሩ፣ ሊቃውንቱም የሕፃናቱን ድካምና ደስታ እያዩ ቋንቋውን አሻሻሉት፣ ቋንቋው ራሱ ምን ይምሰል በሚለው ምክር ላይ ግን ሕፃን አልተቀመጠም።

አለን ኬይ የተባለ ወጣት ሊቅ በ1968 ፓፐርትን ጎብኝቶ ልጆቹ በሎጎ ሲሠሩ ካየ በኋላ አሳቡ ተለወጠ። ሕፃን በብብቱ ይዞት የሚዞር፣ መጽሐፍ የሚያክል ኮምፒዩተር ሊሠራ ቆርጦ ተነሣና፣ እንዲህ ያለው ዕቃ በዚያ ዘመን ሊሠራ ስለማይችል በካርቶን ናሙና አበጅቶ፣ ክብደቱ ምን ያህል ቢሆን እንደማያስቸግር ለማወቅ የእርሳስ ጥይት እየጨመረበት ይመዝነው ነበር። ዳይናቡክ ብሎ የሰየመውን ይህን አሳብ በ1972 በጽሑፍ አወጣው። በካሊፎርኒያ በፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማእከልም ከአዴል ጎልድበርግ ጋር ሆኖ ስሞልቶክ የተባለውን ቋንቋ ለመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ልጆች አስተማሩ፤ ከእነዚህም መካከል አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የራሷን የሥዕል መሣሪያ በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ሠራች፣ በኋላም የዕድሜ እኩዮቿን እንዳስተማረች ተጽፏል። ኬይ ግን፣ ይህ ለእርሱ የሚያስመሰግነው ነገር ነው፣ ጥቂት ልጆች ድንቅ ሥራ በመሥራታቸው ሌሎቹም ሁሉ እንዲያው ይሠራሉ ብሎ ማመኑ ከእውነት የራቀ መሆኑን በኋላ ራሱ ገልጾ ጻፈ።

አሁን ታሪኩ ወደ ሰሜን አውሮፓ፣ ያውም ሕፃናት ወደማይገኙበት ወደ ፋብሪካ ይወስደናል። ኬይ ለስሞልቶክ አሳብ የወሰደባት ሲሙላ የተባለችው ቋንቋ በኖርዌይ የተሠራች ስትሆን፣ ከሁለቱ ሠሪዎቿ አንዱ ክሪስተን ኒጎርድ በሰባዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር በመተባበር፣ ኮምፒዩተር ወደ ሥራ ቤታቸው ሲገባ ሠራተኞቹ ዐውቀው የሚናገሩበትን መንገድ ይፈልግ ነበር። ከ1981 እስከ 1985 ድረስም ዩቶፒያ በተባለው ሥራ የስዊድንና የዴንማርክ ሊቃውንት ከሰሜን አውሮፓ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆነው የጋዜጣ ገጽ ማሰናጃ ኮምፒዩተር ነደፉ። ገና ያልተሠራውን መሣሪያ ለፊደል ለቃሚውና ለገጽ አሰናጁ ለማስረዳት የተጠቀሙበት ዘዴ ካርቶንና ወረቀት ነበር፤ ባዶ ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሌዘር ማተሚያ የሚል ጽሑፍ ይለጥፉበትና፣ ሠራተኛው እንደ እውነተኛ መሣሪያ እየነካው ይኸኛው እዚህ ቢሆን ይሻላል፣ ይኸኛው እጄን ያደክመዋል እያለ ይናገራል። የዚህ ሁሉ መሠረት፣ በዕቃው የሚኖርበት ሰው በዕቃው አሠራር ላይ የመናገር መብት አለው የሚለው የሠራተኛ ማኅበር ትምህርት ነው። ሕፃናት ግን ማኅበር የላቸውም፤ ስለ እነርሱ የሚሟገትላቸው ሌላ ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚሟገትላቸው ሰው ሳይጠይቃቸው ይሟገትላቸዋል።

ይህ ትምህርት ወደ ሕፃናት ሲሻገር ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተከፈሉ። በእንግሊዝ አገር በሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ማይክ ስኬይፍና ኢቮን ሮጀርስ፣ ስለ ኩሬ ሕይወትና በኩሬው ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረታት አንዱ ሌላውን እየበላ ስለሚኖርበት ሥርዓት የሚያስተምር ሶፍትዌር ሲያዘጋጁ ልጆችን ጠርተው አማከሩ፤ በ1997 ሲጽፉም፣ ሕፃን የሚያውቀውን እንጂ የማያውቀውን ሊጠየቅ አይገባም፣ የትምህርቱን ዓላማ መምህር ያውቀዋል፣ የሚያስቀውንና የሚያሰለቸውን ግን ከሕፃኑ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ስለዚህ በሚገባው ሰዓት ተጠርቶ ይናገር ዘንድ ይገባል አሉ። በአሜሪካ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከ1998 ጀምሮ የሠራችው አሊሰን ድሩዊን ግን ከዚህ አልፋ፣ ሕፃኑ ለጥቂት ሰዓት ተጠርቶ የሚመለስ እንግዳ ሳይሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የንድፉ ባልደረባ ይሁን አለች። በ2002 ባወጣችው ጽሑፍም የሕፃኑን ድርሻ በአራት ማዕርግ ከፍላ፣ ተጠቃሚ፣ ፈታኝ፣ አማካሪና የንድፍ ባልደረባ ብላ ደረደረችው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ የጠቀስኩት መንገድ ከእርሷ አከፋፈል የተቀዳ ነው።

የሜሪላንዱ ጉባኤ እንዴት እንደሚካሄድ በዝርዝር መናገር ይገባል፤ የጠቅላላው ነገር ፍሬ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስላለ። ከሰባት እስከ ዐሥራ አንድ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ጥቂት ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ትምህርት ሲያልቅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይመጣሉ፤ በክረምቱ ዕረፍትም ሁለት ሳምንት ይጨመርላቸዋል። መጀመሪያ መክሰስ ይቀርባል፤ ልጅና አዋቂ አብረው እየበሉ ይጨዋወታሉ። ቀጥሎ በክብ ተቀምጠው የዕለቱ ጥያቄ የተባለውን እያንዳንዱ በተራው ይመልሳል። አዋቂዎቹ ከረባት አስረው አይመጡም፤ ልጆቹ ፕሮፌሰር ሳይሉ በስማቸው ይጠሯቸዋል፣ ለመናገር እጅ ማንሣት የለም፣ ሁሉም ወለል ላይ ይቀመጣል። ይህን ሳነብ፣ መምህሩን አንተ ብሎ መጥራት ከነውር በሚቈጠርበት ቤት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንኩ፣ ልቤ ትንሽ ማመንታቱን አልደብቅም፤ ሥርዓቱ የተደነገገው ግን ለመዳፈር ሳይሆን፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት አዋቂው የሚፈልገውን መልስ ገምቶ የመመለስ ልማድ እስኪለቃቸው ድረስ መሆኑን ስናስብ ምክንያቱ ይገባናል። ይህ ልማድ ደግሞ በአንድ ቀን አይለቅም፤ ድሩዊን እንደምትለው አንድ እንዲህ ያለ ጉባኤ እውነተኛ ባልደረቦች እስኪሆን ድረስ እስከ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል።

ለንድፉ የሚጠቀሙበት ዕቃ ደግሞ ከስካንዲናቪያው ካርቶን የተወለደ ነው፤ ክር፣ ሙጫ፣ ባለ ቀለም ወረቀት፣ ጭቃ፣ አሮጌ ካልሲ የሞላበት ከረጢት ለየቡድኑ ይታደልና፣ ልጆችና አዋቂዎች በአንድነት ያሰቡትን መሣሪያ ከዚያ ያበጁታል። የተሠራ ሶፍትዌር ሲፈትኑም ሁሉም የወደደውን፣ የጠላውንና ቢጨመር የሚለውን በትንንሽ ተለጣፊ ወረቀት፣ በአንድ ወረቀት አንድ አሳብ ብቻ እየጻፈ ያቀብላል፤ ወረቀቶቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚመሳሰሉት በአንድ ስፍራ ሲሰበሰቡ፣ የብዙዎች ቅሬታ የት ላይ እንደ ሆነ ያለ ክርክር ለዓይን ይታያል። በአፉ መናገር የሚያፍረው ልጅና አፉ የማያርፈው ልጅ በወረቀቱ ፊት እኩል መሆናቸው በእኔ አስተያየት የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

ከዚህ ጉባኤ ከወጡት ሥራዎች ሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የሕፃናት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ነው። በኅዳር 2002 በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተመረቀው ይህ ድረ ገጽ የተነሣበት ዓላማ ዐሥር ሺህ የሕፃናት መጻሕፍትን በመቶ ቋንቋዎች ሰብስቦ በነጻ ማስነበብ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ሊቃውንት መጽሐፍን የሚደረድሩት በደራሲ፣ በርእስና በጉዳይ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ በኮምፒዩተር ለመፈለግም ቃሉን በትክክል መጻፍ ያሻል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ፊደል ይስታል፣ ኪቦርዱ ላይ ጣቱ ይዘገያል፣ የዕውቀት ክፍሎች አንዱ በሌላው ሥር የሚቀመጡበትም ሥርዓት አይገለጥለትም። ልጆቹ በጉባኤው ላይ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ አዋቂዎቹ ያላሰቡት ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ልጅ መጽሐፉ ቀይ እንደ ነበር ያስታውሳል እንጂ ስሙን አያስታውስም፣ ሌላው አጭር መጽሐፍ ይፈልጋል፣ ሌላው እንስሳ ያለበትን፣ ሌላውም ደስ የሚያሰኝ ወይም የሚያስፈራ። ስለዚህ በድረ ገጹ ላይ በሽፋኑ ቀለም፣ በመጽሐፉ ርዝመት፣ በውስጡ ባሉት ገጸ ባሕርያት ዓይነት መፈለግ የሚያስችሉ ትልልቅ ሥዕላዊ ቁልፎች ተተከሉ። ለዘመናት የኖረ የመጻሕፍት አደራደር ሥርዓት፣ ሽፋኑ ቀይ የሆነውን መጽሐፍ ስጡኝ ለሚል ሕፃን መልስ እንደሌለው የታወቀው፣ ሕፃኑ ራሱ በጉባኤው ስለ ተቀመጠ ነው። ቤተ መጻሕፍት ጠባቂዎች ይህን ጥያቄ ከመደርደሪያው ፊት ለፊት ሳይሰሙት አልቀሩም፤ ከመስማትና ወደ ንድፍ ከማስገባት መካከል ግን ሰፊ ርቀት አለ።

በዚሁ ዘመን ከሜሪላንድ፣ ከስቶክሆልምና ከኖቲንግሃም የተሰበሰቡ ሊቃውንትና ሕፃናት ኪድፓድ የተባለውን የተረት መሥሪያ ሲያሻሽሉ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ማውስ ሰክተው ሁለት ልጆች በአንድነት እንዲሥሉ አደረጉ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ልጆች ቀለማቸውን በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ አንዱ ለብቻው የማያገኘው አዲስ ቀለም ይወጣላቸዋል። አብራችሁ ሥሩ ብሎ ከማዘዝ ይልቅ አብሮ መሥራት የሚያተርፍ እንዲሆን አደረጉ።

ልጆች ይህን ሁሉ ሳይማሩ ያውቁታል የሚሉም አልጠፉም፤ በ2001 ማርክ ፕሬንስኪ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ፣ ከኮምፒዩተር ጋር አብረው ያደጉት ልጆች የዚያ ዓለም ተወላጆች፣ ቀድሞ የተወለድነው ግን ስደተኞች መሆናችንን ጽፎ አሳቡ በዓለም ሁሉ ተሰማ። በ2008 ሱ ቤኔት፣ ካርል ሜተንና ሊሳ ከርቪን የተባሉ በአውስትራሊያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ማስረጃውን መርምረው አሳቡ የተመሠረተበት ነገር እጅግ ቀጭን መሆኑን አሳዩ። የሜሪላንዱም ልምድ ከእነርሱ ጋር ይስማማል፤ ልጆቹ ወደ ጉባኤው የመጡት ነዳፊ ሆነው ሳይሆን በስድስት ወር ወለል ላይ ተቀምጠው ነዳፊ ሆነዋል። መዳሰስና መጫን ከልጅነት ሊመጣ ይችላል፤ ሌላው ሰው ስለሚጠቀምበት ዕቃ ማሰብ ግን ትምህርት ነው።

ወደ ሎጎ ወገን ስንመለስ፣ የፓፐርት ደቀ መዝሙር የነበረው ሚቼል ሬዝኒክና ባልደረቦቹ በ1993 በቦስተን በኮምፒዩተር ሙዚየም ውስጥ ለድሀ ሰፈር ወጣቶች ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰበሰቡበት የኮምፒዩተር ክበብ ከፈቱ። እንዲህ ባሉት ክበቦች የሚመጡት ልጆች ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለመሥራት ሲታገሉ ማየታቸው፣ ትእዛዞቹ እንደ መጫወቻ ጡብ እየተገጣጠሙ የሚሠሩበትን ስክራች የተባለ ቋንቋ ለማውጣት አነሣሣቸው፤ በ2007ም ልጆች ሥራቸውን ከሚያካፍሉበት ድረ ገጽ ጋር ለሕዝብ ተከፈተ። አንዱ ልጅ የሌላውን ሥራ ወስዶ ሲለውጠው ሠሪው ቅር እያለው ስላስቸገረ፣ ሥራው ከማን እንደ ተወሰደ የሚገልጽ ጽሑፍ በራሱ እንዲጻፍ አደረጉ። ነገር ግን በ2011 በታተመ ጥናት እንደ ታየው፣ ልጆቹ ኮምፒዩተሩ ስማቸውን መጻፉ እምብዛም አላስደሰታቸውም፤ ደስ ያሰኛቸው ሥራቸውን የወሰደው ልጅ በገዛ እጁ ሲያመሰግናቸው ነበር። ምስጋና ከሰው እንጂ ከመሣሪያ እንደማይመጣ መሐንዲሶቹ ከልጆቹ ተማሩ። በ2019 የወጣው ሦስተኛው የስክራች ዕትም በታብሌት ላይ ጭምር የሚሠራ ሲሆን፣ ከሚነበብባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው።

ወደ ሀገራችን የመጣ ሌላም የፓፐርት ወገን ሥራ ነበር። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ ብሎ የጀመረው ሥራ በ2008 ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ፣ ወደ አምስት ሺህ የሚሆኑ አረንጓዴና ነጭ ኮምፒዩተሮች ለትምህርት ቤቶች ታደሉ፤ ኪቦርዳቸው የኢትዮጵያ ፊደል ነበረው። በ2012 ደግሞ ኔግሮፖንቴ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ለየመንደሩ ሃያ የሚሆኑ ታብሌቶችን በታሸገ ሣጥን፣ ያለ መምህርና ያለ መመሪያ አኖረ፤ ኃይላቸው ከፀሐይ ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ በተደረገ ስብሰባ ላይ እንደ ተናገረው፣ ልጆቹ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍተው መሣሪያውን አበሩት፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፣ በአምስት ወር ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ አልፈው ከፈቱት። ይህ የራሱ የኔግሮፖንቴ ምስክርነት ነውና በዚያው መጠን ሊወሰድ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የካሜራው ነገር ነው። ካሜራውን የዘጋው ሰው ልጆቹ ሥዕል ማንሣት ይወዱ እንደ ሆነ አልጠየቃቸውም፤ መዝሙሩ በእንግሊዝኛ ይሁን ወይስ የሁለቱ መንደር ልጆች አፍ በፈቱበት በኦሮምኛ ብሎ የጠየቃቸውም የለም። ልጆቹ ግን ካሜራውን በመክፈታቸው፣ ማንም ያልጠየቃቸውን መልስ በገዛ እጃቸው ሰጡ፤ በሜሪላንድ ግድግዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ቢጨመር ከሚለው ወገን የሚለጠፍ አንዲት ወረቀት ነበረች። ሊቃውንቱ የልጆቹን ነገር የሚያውቁት በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ቴክኒሺያን ወደ መንደሮቹ እየሄደ ከታብሌቶቹ ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ አዲስ እየተካ ሲመለስ፣ የተነካው ሁሉ ተመዝግቦበት በባሕር ማዶ ሲነበብ ነበር።